አልበረደውም፣ ታፍኗል

የጠያቂዋ ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጎንደር ማራኪ አካባቢ ነው የምንኖረው። ዘጠኝ ጎረቤታሞች ሆነን የአበባ ማኅበር አለን። አምና አንዷ አባላችን የሐሩር አገር ሮዶዴንድሮን የሚባል አምስት ችግኝ አገኘች። በየግቢያችን ዋልካው ላይ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ፍግ ጨምረን ተከልን። በግንቦት አንዱ ብርቱካናማ አበባ አውጥቶ ሰፈሩን ሁሉ አስደሰተ። ከነሐሴ ወዲህ ግን አዳዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ፤ ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ነው። እምቡጡ ሳይፈካ ይረግፋል። አንደኛው አፈሩ እርጥብ ሆኖ እያለ ጠውልጎ ደረቀ። ከቅጠሉ ሥር ደግሞ ቡናማ ነጠብጣብ አለ። ከፊሎቻችን የጎንደር ብርድ ነው የገደለው እንላለን። ሌሎቹ ጉድጓዱን አስፍተን አመድና ዩሪያ እንጨምር ይላሉ። ምን ይሻላል?»

ብርድ አይደለም። ረሃብም አይደለም። ተክላችሁ የሞተው ሥሩ አየር አጥቶ ነው። የተረፉት አራቱም በዚያው መንገድ ላይ ናቸው፤ ግን ገና ጊዜ አለ። አመዱን ተዉት። ዩሪያውንም ተዉት። ጉድጓድ ማስፋቱንም እንዲሁ።

ሰውን የሚያሳስተው «የሐሩር አገር» የሚለው ስም ነው። ሐሩር ሲባል መተማና ሁመራ ትዝ ይሉናል። ይህ ተክል ግን ቆለኛ አይደለም። ቪሬያ የሚባለው የሮዶዴንድሮን ወገን ነው፤ ከ300 በላይ ዝርያ አለው። አብዛኛው የሚበቅለው በቦርኒዮ፣ በሱማትራ፣ በሱላዌሲ፣ በፊሊፒንስና በኒው ጊኒ ነው፤ በተለይም ደመና በማይለያቸው ተራሮች ላይ። ቦርኒዮ ውስጥ ኪናባሉ የሚባል 4,095 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ አለ። ከጎንደር በጣም ከፍ ባለው ገደሉ ላይ ሳይቀር ቪሬያ ይበቅላል። እንዲያውም አንደኛው ዝርያ ቅጠሉ ደቃቅ ስለሆነ በሳይንሳዊ ስሙ «አስታ መሳይ» ተብሏል። አዎ፣ የኛው የስሜኑ አስታ፣ ውጫና የምንለው። ሮዶዴንድሮን በአፍሪካ ምድር በተፈጥሮው አይበቅልም፤ አስታ ግን የአንድ ቤተሰብ ዘመዱ ነው።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የታኅሣሥ ሌሊቷ ለእናንተ ጋቢ ያስለብሳል፤ ለቪሬያ ግን የለመደው አየር ነው። እሱን የሚጎዳው ውርጭ ነው፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ ውርጭ ብርቅ ነው። ጥያቄው ከደባርቅ ቢመጣ ኖሮ ስለ ብርድ ብዙ እጽፍ ነበር። በዚህ የተሳሳታችሁት እናንተ ብቻ አይደላችሁም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ቬች የተባለው ስመ ጥር የችግኝ ድርጅት ቪሬያን ሲያዳቅል በሞቀ የመስታወት ቤት ውስጥ ነበር የሚያኖረው። ተክሉ የቀዝቃዛ ተራራ ሰው መሆኑ በደንብ የተለመደው ቆይቶ ነው።

እንግዲህ የአየሩ ሙቀት ከተስማማው ምን ጎደለው? መልሱ ሥሩ ጋ ነው። ከቪሬያ ዝርያዎች ብዙዎቹ መሬት አይነኩም። ዛፍ ግንድ ላይ፣ በዛፍ ሽበት የተሸፈነ ቅርንጫፍ ላይ፣ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ ስትሄዱ ግንቡን እንደ እጅ ጣት ጨምድደው የያዙትን የዛፍ ሥሮች አይታችኋል። ሥር አየር ላይ ሆኖ ምን ያህል መኖር እንደሚችል ከዚያ የበለጠ የሚያሳይ ቦታ አላውቅም። የቪሬያ ሥር ግን ያን ጉልበት የለውም። እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ድንጋይ አይሰነጥቅም፣ ጭቃም አይበሳም። ዝናቡ ባለፈበት ቅጽበት ውሃው እንዲወርድለት፣ ከዚያ አየር እንዲገባለት ይፈልጋል።

እናንተ የሰጣችሁት ግን ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። እሱን ቆፍሮ ለስላሳ አፈርና ፍግ መሙላት ማለት ገንዳ መሥራት ማለት ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ እዚያ ገንዳ ውስጥ ይጠራቀማል። ጉድጓዱን ብታሰፉት ገንዳው ይሰፋል እንጂ ሌላ ለውጥ የለውም።

ከዓመታት በፊት በአንድ ግቢ እንዲሁ የጠወለገ ቪሬያ ነቅዬ ነበር። ከተተከለ ዓመት አልፎታል። ሥሩ ግን አንዲት ጣት እንኳን ወደ ውጪ አልሄደም። ችግኙ የመጣበትን የፕላስቲክ ዕቃ ቅርጽ እንደያዘ ወጣ። አፈሩ የቦይ ሽታ ነበረው። አንዱን ሥር በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብ ሳደርገው ልጡ እንደ እጅጌ ተገፎ ቀረና መሃሉ ላይ ያለው ክር ብቻ እጄ ላይ ቀረ። ደኅና ሥር እንዲህ አይሆንም፤ ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የሞተባችሁን ብትነቅሉት ይህንኑ ነው የምታዩት። ፊቶፍቶራ የሚባል ውሃ ወዳድ በሽታ አምጪ አለ፤ በረግረግ አፈር ውስጥ ሥሩን የሚያበሰብሰው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ክፋቱ ምልክቱ የውሃ ጥም መምሰሉ ነው። ሥሩ ስለበሰበሰ ውሃ መሳብ አይችልም፣ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ባለቤቱ ደግሞ አዝኖለት ውሃ ይጨምርበታል። ብዙ ቪሬያ የሚሞተው እንዲህ በደግነት ነው።

የቅጠሉ ቢጫነት ሌላ ነገር ይናገራል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ተክሉ ብረት አጥቷል ማለት ነው። አፈራችሁ ውስጥ ብረት ሞልቷል፤ ተክሉ ግን ሊወስደው አልቻለም። ሮዶዴንድሮን ኮምጣጣ አፈር ነው የሚፈልገው፤ ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሩ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው) ከ4.5 እስከ 6 ቢሆን ይመቸዋል። ዋልካ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በላይ ነው። ፒኤቹ ከፍ ሲል ብረቱ አፈሩ ውስጥ ይታሰራል። በዚያ ላይ የታመመ ሥር ያለውንም አይስብም። አመድ ደግሞ ይህንኑ ችግር የሚያባብስ ነው፣ ፒኤቹን ሽቅብ ነው የሚወስደው። ለጎመንና ለሽንኩርት መደብ ሊጠቅም ይችላል፤ ለቪሬያ መርዝ ነው። ኖራና ሲሚንቶም እንዲሁ። አዲስ የተለሰነ አጥር ሥር የተተከለ ካለ ግድግዳው ላይ የሚወርደው ውሃ ኖራውን ይዞለት ይመጣል። የዛገ ምስማር መቅበርም አይረዳም። ዝገት ለተክል የማይሟሟ ብረት ነው።

ስለ ቡናው አተላ አልጠየቃችሁም፤ ግን ጎንደር ውስጥ አበባ የሚወድ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ስለሆነ ልናገር። የተፈላ ቡና አተላ አፈር ያኮመጥጣል የሚባለው ልክ አይደለም። አሲዱ አብዛኛው አብሮ ተጠጥቷል። አተላው ደግሞ ደቃቅ ስለሆነ ሲደርቅ ይጋገርና አየር ይዘጋል። ለብስባሽ ጉድጓድ ስጡት፤ ቪሬያው ላይ አትድፉት።

ቡናማው ነጠብጣብ ሊያሳስባችሁ አይገባም። ቅጠሉን ገልብጣችሁ ፀሐይ ላይ ብታዩት በየቦታው የተረጨ ጤፍ የሚያክል፣ እንዲያውም ከጤፍ ያነሰ ቅርፊት ነው። የቪሬያ ሁሉ ተፈጥሮ ነው። ይልቅ ይህ ነጠብጣብ መኖሩ አንድ ጥሩ ነገር ያረጋግጣል፤ የሸጠላችሁ ሰው አላታለላችሁም። ሮዶዴንድሮን ተብሎ ሌላ ነገር ሲሸጥ አይቻለሁ። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣ ከሆነ ሮዶዴንድሮን አይደለም። ስለዚህ ነጠብጣቡ ላይ መድኃኒት እንዳትረጩ። አደራ።

የእምቡጡ መርገፍ ግን የጎንደር እውነተኛ ፈተና ነው። እዚህ ላይ ነው ከተማችንና የኒው ጊኒ ተራሮች የሚለያዩት። እዚያ ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ተከፋፍሎ ይወርዳል። እኛ ጋ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንብና ከዚያ ወራትን የሚፈጅ ደረቅ አየር ይመጣል። ስለዚህ ጎንደር ውስጥ ቪሬያ ሁለት ሞት ይጠብቀዋል፤ በክረምት መታፈን፣ በበጋ መድረቅ። በመጋቢትና በሚያዝያ የሚነፍሰው ሞቃት ነፋስ እምቡጡን ባንድ ከሰዓት ሊያረግፈው ይችላል። የናንተ አሁን የረገፈው በሥሩ ምክንያት ነው። ሥሩን ብታድኑ እንኳን በጋው ላይ ካልተጠነቀቃችሁ እንደገና ይረግፋል።

አሁን ምን ይደረግ? ምክሬ አንድ ነው፦ አራቱንም ከመሬት አውጧቸው። ጥቅምት ገብቷል፣ ዝናቡ ቆሟል፣ ፀሐዩም ገና አልከረረም። ከዚህ የተሻለ ወር የለም። መጀመሪያ የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ሂዱና ሰፋ ያለ፣ ጥልቀቱ ግን መጠነኛ የሆነ ማሰሮ አሠሩ። ከታቹ አውራ ጣት የሚያሳልፉ አምስት ስድስት ቀዳዳዎች ሳይተኮስ እንዲበሱላችሁ ንገሯቸው። ሸክላ ይተነፍሳል፣ ሥሩንም ያቀዘቅዛል። ጥቁር ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ እንደ ምጣድ ይግላል። ማሰሮው ከሥሩ ኳስ፣ ማለትም ሥሩ ተጠቅልሎ ከሠራው ድቡልቡል፣ አራት ጣት ያህል ብቻ ይስፋ። ትልቅ ዕቃ ውስጥ የገባ ትንሽ ሥር እንደገና ይረጥባል። ቀዳዳው ላይ ጠጠር የመደርደር ልማድ አለ፤ እሱንም ተዉት። ጠጠር ውሃ አያወርድም፤ እርጥቡን ክፍል ወደ ሥሩ ከፍ ያደርገዋል እንጂ።

በማሰሮው ውስጥ የሚገባው አፈር አይደለም። ይህን ለማመን የሚቸገር ሰው ብዙ ነው። የሚገባው የዛፍ ቅርፊት ነው። የፓቹላ ቅርፊት ካገኛችሁ እሰየው። ካጣችሁ የባሕር ዛፍ ቅርፊት ከጣውላ ቤት በነፃ ይሰጣችኋል፤ ግን ትኩሱን እንዳትጠቀሙ። ሥር የሚጎዳ ነገር አለው። እያረጠባችሁና እያገላበጣችሁ ስድስት ወር ያህል መብላላት አለበት። ማኅበራችሁ ከአሁኑ አንድ ክምር ይጀምር። ለዘንድሮው ከቆየ የጣውላ ቤት ክምር ሥር ያለውን፣ የጠቆረውንና የአፈር ሽታ ያለውን ለቅማችሁ ውሰዱ። ከሽምብራ እስከ ባቄላ የሚያህለውን በወንፊት ለዩ። ዱቄቱን ጣሉት። ከዚህ ቅርፊት ሦስት እጅ፣ ግንበኞች «ሬድ አሽ» የሚሉት ቀላል ቀዳዳማ ድንጋይ በደንብ ታጥቦ አንድ እጅ፣ ደንበኛ የበሰበሰ ቅጠል አንድ እጅ። ስትጨርሱ አንድ ጆግ ውሃ ከላይ አፍስሱ። ውሃው ወዲያው ከታች ካልወረደ ገና ነው፤ ደቃቁን አውጡለት።

ስትተክሉ የድሮውን አፈር በቀስታ በውሃ ከሥሩ እጠቡለት። የጠቆረና ልጡ የሚገፍ ሥር ቁረጡ። የሥሩን ኳስ ጫፍ አትቅበሩት፤ ከቅርፊቱ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ይበል። ማሰሮውን ሦስት ድንጋይ ላይ አስቀምጡት፣ እንደ ጉልቻ። ቦታው እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከዚያ በኋላ ጥላ የሆነ፣ ከነፋስ የተከለለ ይሁን። የቤቱ ምሥራቅ ጎን ጥሩ ነው። የድንጋይ ግድግዳ ሥር በምዕራብ በኩል አታስቀምጡት፤ ድንጋዩ የከሰዓቱን ሙቀት አምቆ እስከ ማታ ይጠብሰዋል።

ማሰሮ አልፈልግም የሚል አባል ካለ ሁለተኛ መንገድ አለው። መሬቱን ሳይቆፍር፣ ዋልካው ላይ ጉልበት የሚደርስ የቅርፊት ጉብታ ሠርቶ እላዩ ላይ መትከል ነው። ይሠራል፤ ግን ክምሩ በየዓመቱ ይሟሽሻል፣ መሙላት ያስፈልጋል፣ በነሐሴም ከዝናብ አሽሽቶ ሊያስቀምጠው አይችልም። እኔ ማሰሮውን ነው የምመርጠው።

ስለ ውሃ። ውሃ የምታፈሉበት ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገር ከሆነ ውሃችሁ ኖራ አለበት። ለጥቂት ወራት አይገድልም፤ ለዓመታት ከተጠጣ ግን ቢጫነቱ ይመለሳል። መፍትሔው ጣራችሁ ላይ ነው። 20 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊሜትር ዝናብ ሲጥል 200 ሊትር ውሃ ይወርዳል። አራት ማሰሮ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሊትር ቢጠጣ በሳምንት 16 ሊትር ነው። 30 ሳምንት በጋ ብትሉት 480 ሊትር። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ያለው አንድ አባል በመጪው ክረምት ቢሞላው ለሁሉም ይበቃል፣ ይተርፋልም። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የጣራውን አቧራ ይጠቡ፣ ከዚያ በኋላ ያጠራቅም። ክዳኑ ለቢንቢ እንዳይከፈት። የሳምንቱን ሁለት ቀን ግን እንደ ሕግ አትያዙት። ጣታችሁን ሁለት አንጓ አስገቡ። ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ አታጠጡ።

ማዳበሪያ ለሁለት ወር አትስጡ። የታመመ ሰው ዶሮ ወጥ ብላ ተብሎ አይገደድም። አዲስ ቅጠል ካወጣ በኋላ ፈሳሽ የአበባ ማዳበሪያ፣ ዕሽጉ ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡን፣ በወር አንድ ጊዜ። ዩሪያ በእፍኝ መበተን፣ ዳፕ፣ የዶሮ ኩስ፣ ትኩስ ፍግ፣ እነዚህ ሁሉ ቀጭኑን ሥር ያቃጥሉታል። ቢጫነቱን ቶሎ ለማስታገስ ቅጠል ላይ የሚረጭ የብረት ማዳበሪያ ካገኛችሁ ማለዳ ወይም ምሽት እርጩ። ያስታግሳል እንጂ አያድንም፤ የሚያድነው ሥሩ ነው።

አሁን ስለ ገደቡ በግልጽ ልናገር። ሥሩ ከግማሽ በላይ የበሰበሰ ተክል ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ስለዚህ ከመንቀላችሁ በፊት ከእያንዳንዱ ተክል ለማራቢያ የሚሆን ቁራጭ ውሰዱ። አበባ ያላወጣ፣ በጣም ለጋ ያልሆነ፣ ብዙም ያልጠነከረ ጫፍ፣ አንድ ስንዝር የማይሞላ። ላይ ያሉትን ሦስት ቅጠሎች ትታችሁ ሌላውን አንሱ፣ የቀሩትንም በመቀስ ግማሽ ግማሽ አድርጓቸው። ከታች አንድ ጎን ልጡን ትንሽ ላጥ አድርጉ። ታጥቦ የተጣራ ሻካራ አሸዋና የበሰበሰ ቅርፊት ውስጥ ሰክታችሁ፣ አጠጥታችሁ፣ በነጭ ፌስታል ሸፍናችሁ ጥላ ሥር አኑሩት። ሥር ለማውጣት ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ። እየነቀላችሁ አትዩት። ከዘር ማብቀል ይቻላል፤ ግን የናንተ ዲቃላ ከሆነ ልጁ እናቱን አይመስልም። ያ በግንቦት ሰፈሩን ያስደሰተ ብርቱካናማ አበባ የሚገኘው ከቁራጭ ብቻ ነው። ማኅበር መሆናችሁ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ዓይነት ሁለት ቁራጭ በሁለት የተለያየ ቤት ይኑር። እንደ ዕቁብ በየተራ ይድረስ። የአንዱ ቢሞት የሌላው አለ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሮዶዴንድሮን ቅጠል፣ አበባና ወለላ መርዝ አለው፤ ግራያኖቶክሲን ይባላል። መጠኑ በየዝርያው ይለያያል፤ እናንተ ግን ሁሉንም እንደ መርዝ ቁጠሩት። ፍየልና በግ ጥቂት ቅጠል በልተው ይታመማሉ፣ ሊሞቱም ይችላሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ400 ዓመት ገደማ በጥቁር ባሕር ዳርቻ የግሪክ ወታደሮች የአካባቢውን ማር በልተው ራሳቸውን ስተው መውደቃቸውን ከአዛዦቻቸው አንዱ ዜኖፎን ጽፏል፤ ያም ማር ከሮዶዴንድሮን የተቀሰመ እንደነበር ይታመናል። አራት ማሰሮ የጎረቤትን ቀፎ አይበክልም፤ ያ የሚሆነው ተክሉ ተራራውን ሲሸፍን ነው። ልጆች ግን አበባ ነቅለው ወለላውን የመምጠጥ ልማድ አላቸው። ንገሯቸው። የዓውዳመት በግ የምታስሩበት ቦታም ከማሰሮዎቹ ይራቅ።

ሁለተኛው፣ ኮምጣጣ አፈርና የዛፍ ሽበት ፍለጋ ስሜን ተራሮች እንዳትሄዱ። ከአስታው ሥር ያለው ጥቁር አፈር እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። ፓርኩ በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ጥብቅ ቦታ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ደንም አትዝገኑ። የጣውላ ቤት ቅርፊት ይበቃችኋል።

በዚህ ቅዳሜ ጀምሩ። በመጀመሪያ ከአራቱም ቁራጭ ውሰዱ። ቀጥሎ ቅጠሉ በጣም ቢጫ ያልሆነውን አውጡ፣ የመዳን ዕድል ያለው እሱ ነው። የከፋውን መጨረሻ አድርጉት፣ መቀሱንም ከአንዱ ወደ አንዱ ስትሄዱ በአልኮል ጥረጉት። የሞተውን ነቅላችሁ አቃጥሉት። እሱ የነበረበት ጉድጓድ አፈር ወደ ማሰሮዎቹ እንዳይገባ፣ አካፋውንም ታጥቦ ሳይደርቅ ወደ ሌላ ግቢ አትውሰዱት።